በአምራቹ ቦታ

አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ በመሥሪያ ቤታቸው ፎቷቸው ያልተሰቀለበት ክፍል አልነበረም። አንድ ጊዜ አርባ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ተገዙ። የጥገና ሠራተኛዋ እማዋይሽ፣ የኮምፒውተሮቹ አምራች ከነፈቃዱ በሰጠው የመጫኛ ዲስክ ላይ የአማርኛ ፊደልና የቢሮውን ፕሮግራሞች ጨምራ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዲስክ ስታዘጋጅ ሥራ አስኪያጁ መጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ምልክት እያሳዩ።

«የአምራቹ ምልክት ነው። ከሥሩ ያለው ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ የሚደወልበት ስልክ ነው።»

«አጥፊውና የእኔን ፎቶ አድርጊበት። አርባዎቹም ላይ እንዲታይ! እምቢ ካልሽ የስንብት ደብዳቤሽን ዛሬውኑ ትወስጃለሽ።»

እማዋይሽ ደነገጠች፤ ሥራዋን ማጣት አልፈለገችም። ግን ምላሷ አላስቀመጣትም።

«እሺ ጌታዬ፣ አስገባዋለሁ» አለች እጅ ነስታ። «ብቻ ኮምፒውተር ቀጥ ባለ ቁጥር ሰው የሚራገመው እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ነው። ስልክዎን ከሥሩ ልጻፈው ወይስ እርግማኑ ብቻ ይበቃዎታል?»

አቶ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ለጊዜው የአምራቹ ይቆይ» ብለው ወጡ።