የሙሾ አውራጇ ልጅ

«አንዲት ሙሾ አውራጅ ነበረች» ብሎ ጀመረ የትወና መምህሩ፤ ይህን የነገረው፣ «ሟቹ አባቴ ስመ ጥር ተዋናይ ነበር፤ ድምፄ ቁርጥ የእሱ ነው፤ ታዲያ መድረክ ላይ ስወጣ ሰው ለምን ልብ አይሰጠኝም?» ብሎ ለጠየቀው ወጣት ነው።

ይህች ሴት ለቅሶ ቤት ስትጠራ ወዲያው ድንኳን አትገባም። መጀመሪያ በጓሮ ዞራ ከቤቱ ሴቶች ጋር ትቀመጣለች፤ ሟቹ ምን ይወድ እንደነበር፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ምን ጀምሮ እንደተወ ትጠይቃለች። ድንኳን ውስጥ የምትጠብቃት ትንሿ ልጇ፣ እናቷ ሐሜት የያዘች እየመሰላት በሀፍረት መግቢያ ታጣለች። በኋላ የእናቷ ድምፅ ሲነሳ ግን ለቀስተኛው ሁሉ ይንሰቀሰቃል። ልጅቱ ያንን ድምፅ እስከ ትንፋሹ ድረስ አጠናችው።

አደገችና ተዋናይ ሆነች፤ ወንድሟ የሞተባትን ሴት እንድትጫወት ተሰጣት። በልምምዱ ላይ የእናቷን ሙሾ ምንም ሳታስቀር አወረደችው። ያየ ሁሉ ድምፅሽ ያምራል አላት እንጂ የማንም ሆድ አልባባም። አዘጋጁም እስከ ቅዳሜ ካልተሻሻለች ቦታውን ለሌላ ሴት እንደሚሰጥ ነገራት። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ፣ እግሯም አላርፍ አላት። መንገድ ላይ እየሄደች፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ስትለማመድ ሰው አበደች አለ። ድምፁን ባጮኸችው ቁጥር ይብስ ቀዘቀዘ።

ሐሙስ ዕለት ጨነቃትና እናቷን ልምምዱ ላይ አስጠራች። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው አየችና፣ «ልጄ፣ ይሄ ወንድምሽ ምን ይወድ ነበር?» አለቻት።

ልጅቱ ተናደደች። ድርሰቱ ላይ እንዳልተጻፈ ነገረቻት።

«ታዲያ ለማን ነው የምታለቅሺው?»

የዚያ ሁሉ ዘመን የጓሮ ወሬ ምን እንደነበር ለልጅቱ ያኔ ገባት፤ አፈረች፣ የአሁኑ ሀፍረቷ ግን በራሷ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስለዚያ ወንድም ራሷን ስትጠይቅ፣ ስትቆም፣ ስትቀመጥ ሰነበተች። ቅዳሜ፣ ያ ወንድም ግማሹን ቀለም ቀብቶ ተወው ብላ ያሰበችውን በር በልቧ እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። አዘጋጁ «በቃ» ማለቱን ረስቶ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

መምህሩ ወደ ወጣቱ ዞረ። «አንተም እንደዚህች ልጅ ነህ። ከአባትህ የያዝከው ድንኳን ድረስ የተሰማውን ብቻ ነው። ለመሆኑ አባትህ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ቤት ውስጥ ምን ያደርግ ነበር?»

«እኔ የማውቀው መድረክ ላይ ያለውን ብቻ ነው» አለ ወጣቱ።

«ሂድና እናትህን ጠይቃት» አለው መምህሩ።