ለሐኪምነት የተፈተኑት አህያና ጅብ

አንድ ጊዜ ንጉሥ አንበሳ በሚገዙት ሰፊ ሜዳ የነበሩት ብቸኛዋ ሐኪም፣ እትዬ ጃርት፣ ዓይናቸው ደከመና ሥራቸውን ተዉ። ንጉሡም ጉባኤ ጠርተው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ከተራራው ማዶ ያለው የሕክምና ትምህርት ቤት ከእኛ አገር አንድ ተማሪ ብቻ ይቀበላል። ክረምቱ ሲወጣ መምህር ኤሊ መጥተው ይፈትናሉ። ፈተናውን ያለፈ ተምሮ ይመለሳል፤ የአገሩን ሕሙማን ሁሉ የሚያክመውም እርሱ ይሆናል።»

ለመፈተን የቀረቡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዲት ወጣት አህያና አያ ጅቦ።

«አንተን ደግሞ ሐኪምነት ምን አስመኘህ?» ስትል ጦጣ ጠየቀችው።

«በሽተኛ አይሮጥማ!» አለና ከንፈሩን ላሰ።

ይህን የሰሙ አህዮች ሁሉ ጆሯቸው ወደቀ። የወጣቷ አህያ አክስት እርሷን ለብቻዋ ጠርተው «ልጄ፣ አንቺ ከወደቅሽ ሆዱን የቆረጠው አህያ ሁሉ ጅብ ፊት ሊጋደም ነው። እወቂበት!» አሏት። አህዪትም የዚያን ዕለት ሣር አልበላ አላት።

በዚያ ሰሞን ቀበሮ በዋሻው ደጅ ቁርበት አንጥፎ፣ ጅራቱን አሳምሮ ተፈታኞችን ይጣራ ነበር። «ኑ፣ ላዘጋጃችሁ! አምና መምህር ኤሊ ጎረቤት አገር ሲፈትኑ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቼ መልሱን ሁሉ ሰምቻለሁ። ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ዕረፍት! እነዚህን በቅደም ተከተል የያዘ ሌላ ምን ያደርግለታል?»

አያ ጅቦ አንድ ሙዳ ሥጋ ከፍሎ ቁርበቱ ላይ ተዘረፈጠ፤ ቁርበቱን እያሸተተም «ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ዕረፍት» ይል ጀመር። አህዪትም መንገዱ መቅለሉ አጓጓትና አንድ እግሯን ወደ ቁርበቱ አነሣች።

«ጋሼ ቀበሮ፣ ጥያቄዎቹስ ምን ነበሩ?» አለችው።

«እሱን እንኳ አልሰማሁም፤ ነፋስ ነበር።»

አህዪት ያነሣችውን እግር መልሳ፣ ቀጥ ብላ ወደ እትዬ ጃርት ቤት ሄደች። እትዬ ጃርትም ሊያስተምሯት ፈቀዱ። ይሁን እንጂ አህያ የለመደችውን መንገድ እንደምትወድ የታወቀ ነው። አህዪት የእግርን ነገር ከልጅነቷ ታውቅ ነበርና፣ ማለዳም ማታም አጥንቱንና ጅማቱን እየዘረዘረች ራሷን ታደንቃለች። የሆድ ትምህርት ሲመጣ ግን ታዛጋለች።

ከዕለታት አንድ ቀን እትዬ ጃርት በእሾኻቸው ወጋ አደረጓት። «እግሩን ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ ተዪው! የምትሸሺው ሆዱን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወንዝ ዳር ቆመሽ የሚጠጣውን ሁሉ ሆድ ዳብሺ፤ በጆሮሽ አድምጪ፤ ጠይቂ።»

አህዪት እያፈረች ወረደች። መጀመሪያ ያገኘችውን በሬ ዳበሰችና «ወየው፣ ሆድህ ተነፍቷል!» አለችው።

«ተይኝ እንጂ፣ እቴ! ይሄ ምሳዬ ነው» አለ በሬው።

ወንዝ ዳር የነበረ ሁሉ ሣቀባት። እርሷም አብራ ሣቀች፤ በማግስቱም ተመለሰች። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ እየተሳሳተች፣ የተሳሳተችውንም እየጠየቀች፣ ጠግቦ የተወጠረውን ሆድ ታሞ ከተወጠረው ለመለየት በቃች።

የፈተናው ዕለት እንስሳቱ በሙሉ ተሰበሰቡ። መምህር ኤሊ አንድ እግሯን አንጠልጥላ የምታነክሰውን ጦጣ አቀረቡና በመጀመሪያ አያ ጅቦን ጠሩት።

«ታማሚዋን ምን ነካት?»

«ፌጦ!»

«እርሱ መድኃኒት ነው። እኔ የምጠይቅህ ምኗን እንደሚያማት ነው።»

«ጤና አዳም!»

መምህር ኤሊ አንገታቸውን አስግገው በትዝብት ተመለከቱት። «ለመሆኑ፣ ለአንተ ለራስህ ምን ይሻልሃል?»

«ዕረፍት!»

ሜዳው በሣቅ ተናወጠ። ንጉሥ አንበሳም እንባቸውን እየጠረጉ «ይህችን እንኳ በትክክል መልሷል፤ ወስዳችሁ አሳርፉት» አሉ።

ተራው የአህዪት ሆነ። የጦጣን እግር ስታይ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ የአጥንቱን ስም ልትዘረዝር አፏን ከፈተች። ወዲያው ግን እሾኹ የወጋት ቦታ ያሳከካት መሰላት።

«ጦጢት፣ እግርሽን ሳያምሽ በፊት ምን አመመሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«እሰይ፣ የሚጠይቀኝ አገኘሁ! ጥሬ ሾላ በልቼ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ፤ ስንፈራገጥ ከዛፉ ወደቅሁ።»

አህዪት የጦጣን ሆድ ዳበሰች፤ ረጅም ጆሮዋንም ለጥፋ አዳመጠች። «እግሯ ወለምታ ነው፤ ይታሰርላት። መነሻው ግን ሆዷ ነው። እርሱ ካልታከመ ነገም ትወድቃለች» አለች።

መምህር ኤሊ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህችን ይዣት እሄዳለሁ» አሉ።

አህዪት ተምራ፣ ተመርቃ በተመለሰች ማግስት ከደጇ ላይ አንድ በሽተኛ እያቃሰተ ደረሰ። አያ ጅቦ ነበር።

«ምን በላህ?»

«ያ ቀበሮ ዛሬም ለተፈታኞች ቁርበቱን ሲያነጥፍ አገኘሁት። ሥጋዬን መልስ ብለው አመለጠኝ፤ በንዴት የተማርኩበትን ቁርበት ዋጥሁት!»

«በል ተጋደም» አለችው አህዪት ጆሮዋን እያቀናች። «መጀመሪያ ግን አፍህን ዝጋ።»

ጅብም በአህያ ፊት አፉን ዘግቶ ተጋደመ። ይህን ያዩ አህዮች በደስታ ሲያናፉ ድምፃቸው ከተራራው ማዶ ተሰማ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው የሌላውን መልስ ከመሸምደድም ሆነ የሚያውቀውን እየደጋገመ ራሱን ከማድነቅ ይልቅ የሚሸሸውን ትምህርት ደፍሮ ቢይዝ፣ ፈተናውን ብቻ ሳይሆን ከፈተናው በኋላ የሚጠብቀውንም ሥራ በብቃት እንደሚወጣ ነው።