የሽብሩ ሰፈር ርቀት

የሳሙና ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍስሐጽዮን ዘበኛቸውን ሽብሩን «ቤትህ ሩቅ ነው፤ ሩቅ የሚኖር ሰው ለዘበኝነት አይሆንም» ብለው አሰናበቱት። ሽብሩ አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ አያውቅም ነበርና ከፋብሪካው ፊት ለፊት ባለው ፍርድ ቤት ከሰሳቸው።

ሥራ አስኪያጁም የሰፈሩን ርቀት ታስረዳልኛለች ብለው የሽብሩን ጎረቤት፣ አንዲት ጌሾ ሻጭ ባልቴት፣ በምስክርነት ጠሩ። ባልቴቷ በጎረቤቷ ላይ መመስከሩ ቢያንገበግባትም መጥሪያ ነውና ሦስት መኪና ቀያይራ መጣች። ምላ ስትጠየቅ መዋሸት አልሆነላትምና «አዎ፣ ሩቅ ነው» አለች። ሽብሩ አንገቱን ደፋ።

ዳኛው «ምስክር የጠራ ወገን መጓጓዣውን ይከፍላል። ለመሆኑ፣ እናቴ፣ ደርሶ መልሱ ስንት ያስወጣዎታል?» አሏት።

«መቶ ሃያ ብር።»

አቶ ፍስሐጽዮን ቋጣሪ ሰው ናቸው። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይቺ ሴትዮ ልትዘርፈኝ ነው! የምን መኪና? እዚህ ሆነው ቢጣሩ የሚሰማ ሰፈር እኮ ነው፤ በእግር ይመጣል!» አሉ።

ዳኛው ባልቴቷን አዩአት። እሷ ግን ምንም አልተቆጣችም።

«ጌታዬ፣ እሳቸው የተማሩ ሰው ናቸው፤ ቅርብ ነው ካሉ ቅርብ ነው። መቶ ሃያ ብሩን ምሬያቸዋለሁ። ብቻ ያሉትን ጸሐፊው ይጻፍልኝና ሽብሩ ነገ ጠዋት በእግሩ ሥራ ይግባ።»