የጤነኛዋ ሴት መርፌ

«አንድ ገበሬ ነበረ» ብለው ጀመሩ ጡረታ የወጡት አዋላጅ ወይዘሮ የሺመቤት፣ «ነፍሰ ጡሯ ሚስቴ ምንም አላመማትም፤ ታዲያ ጤና ጣቢያ ያዘዙላት መድኃኒት ለምኗ ነው?» ብሎ ለጠየቃቸው ለጎረቤታቸው ለደምለው።

ገበሬው ሥራ የማይፈራ፣ የሰው አፍ ግን የሚፈራ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ልጁ በሰባተኛው ወር ተወለደ፤ በማግስቱ ትንፋሹ ቆመ። ገበሬው በእጁ ቀበረው። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጅ አንስቶ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ሚስቱ እንደገና ፀነሰች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የፊተኛውን ስትሰማ፣ «ከአራተኛው ወር ጀምሮ በየሳምንቱ የሆርሞን መርፌ ትወስጃለሽ። ማህፀንሽ ቀኑ እስኪደርስ እንዲታገሥ ይረዳዋል» አለቻት።

«ልጁ ይተርፋል?» አለ ገበሬው።

«ቃል አልገባልዎትም። ተስፋው ግን ይጨምራል።»

ስለዚህ በየሐሙሱ ሚስቱን በበቅሎ አስቀምጦ የሁለት ሰዓት መንገድ ይመላለስ ጀመር። ሐሙስ ደግሞ ገበያ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ያያቸዋል። «ምኗን አመማት?» ይሉታል። «ምንም» ይላል። «ጤነኛ ሴት ሐኪም ቤት ስታመላልስ እርሻህን ማን ሊያርስልህ ነው?» እያሉ ይስቁበታል።

ስድስተኛው ወር ላይ አንዱ በሰው ፊት «አንተም አብረህ ትወጋለህ እንዴ?» ቢለው ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ። ገበሬው ፊቱ ተለዋወጠ። የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ወደ ቤት አዞራት።

«ይብቃን። ደህና ነሽ» አላት።

ሚስቱ አልተቆጣችም። ከበቅሎዋ ወረደች።

«ያኔም ደህና ነበርኩ» አለችው። «ጠዋት ውኃ ቀድቼ ገባሁ፤ ማታ ልጃችንን ወለድኩ።»

ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ ወደ ጤና ጣቢያው አቀናች።

ገበሬው ቆሞ አያት። እውነቷን ነበር። ያን ቀን እንስራ አዝላ፣ እየሳቀች ነበር የገባችው። በቅሎዋን እየጎተተ ተከትሏት ሮጠ። በገበያተኛው መሃል ሲያልፍ፣ «አዎ፣ ጤነኛ ናት! በጤናዋ እያለች ነው ለሐኪም የማደርሳት!» እያለ ይጮህ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ቀጠሮ አላለፋቸውም።

ዘጠኙ ወር ሞላ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ድምፅዋ የጤና ጣቢያውን ግቢ ሞላው። አዋላጆቹ እልል አሉ። ያ የሰው አፍ የሚፈራ ገበሬ በሕዝብ ፊት እስክስታ ወረደ፤ ዘበኛው ሳይቀር አጨበጨበለት።

ወይዘሮ የሺመቤት ወደ ደምለው ዞሩ።

«አንተም፣ ልጄ፣ ልክ እንደሱ ነህ። ሕመም ስላላየህ አደጋ የለም ብለሃል። ሚስትህ ግን አንዴ ያለ ጊዜዋ ወልዳለች። መድኃኒቱ ለዛሬው ሕመም አይደለም፤ ነገ ሊመጣ ለሚችለው ነው። ምጡ ከመጣ በኋላ እየሮጥክ ብትመጣ የምሰጥህ መልስ የለኝም። ለመሆኑ ቀጠሮዋ መቼ ነው?»

«ዛሬ ከሰዓት» አለ ደምለው፤ ይህን እያለም ተነስቶ ጫማውን ይፈልግ ነበር።