ሁለት ታንኳና አንድ ሰርግ

አንድ ሰው ነበረ። ታንኳ ቀዛፊ ነበር፤ አባቱም ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ሐይቁ ወደ መሬት ገባ ብሎ በሚጠብበት ቦታ ይኖርና ሰዉን ከወዲህ ወደ ማዶ፣ ከማዶ ወደ ወዲህ ሲያመላልስ ይውል ነበር።

ቆይ መክሊት፣ አትቸኩዪ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ሰርቨርሽን አንድ መስመር ጠበበውና ሁለተኛ ጨመርሽለት፤ ሁለቱን አጣምረሽ እንደ አንድ እንዲሠሩ አደረግሽ። ከዚያ አንድ ትልቅ ፋይል ስትልኪ አንደኛው መስመር ጢም ብሎ ሞላ፣ ሌላው ተኛ፤ ፍጥነቱም ያው የድሮው ሆነ። አለቃሽ ደግሞ «ሁለት ከሆነ እጥፍ መሆን አለበት፤ እስከ ሰኞ ካላስተካከልሽ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አለሽ። አንቺም «ጋሼ፣ ፋይሉ በትንንሽ ፓኬት ተቆራርጦ ነው የሚሄደው፤ አንዷን ፓኬት በዚህ፣ ቀጣይዋን በዚያ እያፈራረቅሁ ብልክስ?» ብለሽ መጣሽ። ሰርቨርሽ የሚሠራበትን ዩኒክስ ያስተማርኩሽ እኔ ስለሆንኩ ትእዛዙን ልነግርሽ እችል ነበር። ትእዛዙን ግን ማንዋሉ ላይ ታገኚዋለሽ። የቀዛፊውን ነገር የሚያወራልሽ ሰው ግን ከእኔ በኋላ የለም፤ ስለዚህ አርፈሽ ስሚ።

ያ ሐይቅ ያኔ ሌላ ነበር። ዛሬ አስፋልት በዳርቻው ዞሮታል፤ ሚኒባሱ ወሬሽን ሳትጨርሺ ማዶ ያወርድሻል። ያኔ ጠዋት ጠዋት ውሃው ዝም ብሎ ይተኛና፣ አንድ ሰው ማዶ ቆሞ «ኧረ ታንኳ!» ብሎ ሲጣራ ድምፁ በውሃው ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ ደጃችን ድረስ ይሰማ ነበር። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እናፍቃለሁ። ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉ ሲቆጣ ታንኳ አይደፍረውም። ስለዚህ መንገደኛው ሁሉ የሚሽቀዳደመው ከቀትር በፊት ነው።

ታንኳው ከደንገል፣ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ቄጠማ፣ የታሰረ ነው። ደንገል ደግሞ ሲውል ሲያድር ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። ሰውየው መንገደኛው ሲበዛበት አሮጌውን ሳይጥል ሁለተኛ ታንኳ አሰረ። አዲሱን ራሱ ያዘ፤ እንደ ላባ ይንሳፈፋል። ውሃ የጠገበውን አሮጌውን ለወንድሙ ሰጠው፤ እሱ እየተጎተተ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ ላይ ደንቡ ቀላል ነበር። ከቆላው መንደር የመጣ በአዲሱ፣ ከደጋው መንደር የመጣ በአሮጌው ይሳፈራል። በአዘቦት ቀን ደህና ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲሆን ግን ቆላው ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ አዲሱ ታንኳ ዘንድ ሰው እየተጋፋ፣ ወንድምየው አሮጌው ላይ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንቀላፋል። ሰዉ አጉረመረመ። «ሁለት ታንኳ አለን ትላላችሁ፤ የምታጋፉን በአንዱ» አሉት። ቀዛፊው አፈረ፤ ስም ያለው ሰው ነበርና ነገሩ ከነከነው።

ከዚያ አዲስ ደንብ አወጣ። አንድ ሰው በዚህ፣ ቀጣዩ በዚያ። ማን ከማን ጋር እንደመጣ አይጠየቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም ታንኳ እኩል ሞልቶ ሲሄድ አይቶ ደስ አለው። እርግጥ ባልየው ቀድሞ ይሻገርና ሚስቱን ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሸማኔው ይደርሳል፣ ዕቃው በኋላ ይመጣል። አንዱ በሬ ማዶ ሆኖ ጓደኛው ከወዲህ ይጮኻል። ሲነግሩት «ሁሉም መድረሱ አይቀርም» እያለ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የገዛ ልጁ ሰርግ የደረሰው እንዲህ እያለ ነው። ሙሽሪት የማዶ ልጅ ነበረች። አባቷ የተከበረና ኩራት የማያጣው ሰው ነው፤ ልጁን ለቀዛፊ ልጅ ለመስጠት በስንት ልመና፣ በስንት ሽማግሌ ነው እሺ ያለው። በዚያ አገር ደግሞ ሰርገኛ ዝም ብሎ አይገባም። ሽማግሌዎች ይቀድማሉ፤ አንደበተ ርቱዑ ቆሞ ደጁን ይለምናል። «ግቡ» ሲባል ሙሽራው በሚዜዎቹ ተከቦ ይገባል። ጥሎሹን የተሸከመው ሰው ይከተላል፤ ከበሮውና ዘፋኙ ከኋላ ነው። ይህ ከተዛባ ንቀት ነው፤ በንቀት የመጣ ሰርገኛ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ጠዋት ሰርገኛው ዳር ላይ ቆመ። ወደ ሌላ መንደር የሚሻገር ሌላ ሰርግም ተራውን ይጠብቃል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀዛፊውን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ዛሬን እንኳ አትበትነን» አሉት።

«ለልጄ ብዬ ደንብ ባፈርስ ሰው ምን ይለኛል፣ አባቴ? ደግሞም በሁለት ታንኳ በእጥፍ ፍጥነት ነው የምንደርሰው» አለ። ከልቡ ነው ያለው፤ የልጁን ሰርግ ከነፋሱ ሊያስቀድም ፈልጎ ነው።

አንድ በዚህ፣ አንድ በዚያ አሳፈራቸው። አዲሱ ታንኳ በረረ፤ አሮጌው መሐል ውሃ ላይ ቀረ። ማዶ ቀድመው የደረሱት ዝምተኞቹ ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ሚዜ፣ ጥሎሹን የተሸከመው ሰውና ግማሹ ዘፋኝ ናቸው። ደጅ የሚለምኑት ሽማግሌ፣ ሙሽራውና ከበሮው አሮጌው ላይ ነበሩ። የደረሱት ዳር ላይ መቆሙ ጨነቃቸውና ወደ ሰርጉ ቤት ወጡ። አክስቴ የሙሽሪት ጓደኛ ስለነበረች ውስጥ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር፤ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ባለ ጥሎሹ ሸክሙ ከብዶት ማንም ሳይፈቅድለት የጥሎሹን ሳጥን ግቢው መሐል ዘጭ አደረገው። ዘፋኞቹ ያለ ከበሮ በጭብጨባ ጀመሩ።

የሙሽሪት አባት ወጥቶ አያቸው። «ሙሽራው የታለ?»

«እየመጣ ነው።»

«ከማን ጋር?»

ሚዜው መዋሸት አልቻለበትም። «ከ... ከከበሮው ጋር» አለ።

አክስቴ እዚህ ላይ ስትደርስ እስከምታረጅ ድረስ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ያን ቀን ግን የሳቀ የለም። የአባትየው ፊት ቅጭም አለ። «ልጄን የሚያገባት ሳጥኑ ነው እንዴ?» አለና ሰዎቹን ከነሳጥኑ አስወጥቶ በሩን አስዘጋ። ሙሽሪት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ቀዛፊው ይህን የሰማው ዳር ላይ ሆኖ ነው። ልጁም ያኔ ገና ከአሮጌው ታንኳ መውረዱ ነበር፤ አባቱን አየውና ጀርባውን ሰጠው። ሰውየው ይህን አልቻለውም። ወደ በሩ ሄዶ አልለመነም፤ በወንድሙም አላመካኘም። ሰርገኛውን አንድ በአንድ ሰበሰበና መልሶ ወደ ታንኳው አስገባው። ሁሉንም ወደተነሡበት አሻገራቸው።

ማዶ ያለው ሰው ጉድ አለ። ተቀይመው የሄዱ መስሎት የሙሽሪት አባት ራሱ ከጉብታው ላይ ወጥቶ ያይ ጀመር። ቀዛፊው ግን ሰርገኛውን እንደ ሥርዓቱ አሰለፈ። ወንድሙን «ያንን ሌላውን ሰርግ ሳትነጣጥል አንተ ውሰድ፤ ይሄ የእኔ ነው» አለው። ከዚያ የልጁን ሰርግ በአንድ ታንኳ ብቻ፣ በምልልስ፣ በተራቸው ወሰዳቸው። ሽማግሌዎቹን አስቀደመ፤ ሙሽራውን ከነሚዜዎቹ አስከተለ፤ ከዚያ ጥሎሹን። የመጨረሻው ምልልስ ላይ ነፋሱ ተነሥቶ ነበር፤ ውሃው እየገባባቸው፣ ከበሮው እንዳይርስ ዘፋኞቹ ልብሳቸውን አውልቀው አለበሱት።

ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሽማግሌው ደጁን ለመኑ። የሙሽሪት አባት በሩን በገዛ እጁ ከፈተና «ቅድም የመጡት ሰዎች ነበሩ። ሰርግ የመጣው አሁን ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቀዛፊው መንገደኛ ሲመጣ ከየት እንደመጣ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ ወዴት እንደሚሄድና ከማን ጋር እንደሆነም ይጠይቃል። አብረው የመጡትን አይነጣጥልም። ከአንድ መንደር ቢመጡም አንዱ ቡድን ገበያ፣ ሌላው ወፍጮ ቤት ከሆነ የሚሄደው፣ በተለያየ ታንኳ ያሳፍራቸዋል። ቅዳሜም ወንድምየው ማንቀላፋት ቀረበት።

እንግዲህ መክሊት፣ ታንኳዎቹ ሁለቱ መስመሮችሽ ናቸው። ያ ትልቅ ፋይልሽ አንድ ሰርግ ነው፤ ፓኬቶቹ ሰርገኞቹ ናቸው። እያፈራረቅሽ ብትልኪያቸው የኋላው ይቀድማል፣ የፊተኛው ይዘገያል። ተቀባዩም ሙሽራው የጠፋ መስሎት በሩን ይዘጋና «እንደገና ላኪ» ይልሻል። ያኔ ከድሮውም ትዘገያለሽ። ስለዚህ ፋይሉን አትበትኚው፤ በአንዱ መስመር ይሂድ፣ ይህ ጥፋት አይደለም።

ጥፋትሽ ሌላው ነው። የትኛው ፋይል በየትኛው መስመር ይሂድ የሚለው ደንብሽ የሚያየው የአንድ ወገን አድራሻ ብቻ ነው፤ ትራፊክሽ ሁሉ ደግሞ የሚያልፈው በአንድ ራውተር ስለሆነ የሚታየው የራውተሩ አድራሻ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ቅዳሜ ሆኖብሻል፣ ሁሉም ከቆላው መንደር ነው። የዋናውን ላኪም የዋናውን ተቀባይም አድራሻ፣ የየሥራውን የበር ቁጥር፣ ፖርቱንም ጨምሮ እንዲያይ አድርጊው። ያኔ ሌላው ፋይል፣ ሌላው ሰው፣ ሌላው ሥራ በሌላኛው መስመር ይሄዳል።

ሰኞ አለቃሽ ሲመጣ አንድ ፋይል ይዘሽ አትጠብቂው። ቢሮው በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲሠራ አሳዪው። እጥፉን የሚያየው እዚያ ነው። አላምንም ካለሽ ስለዚያ ቀን ንገሪው። ሁለተኛው ታንኳ የቀዛፊውን ልጅ ሰርግ አላፈጠነውም። ግን አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ያን ቀን ሲመሽ በሐይቁ ማዶ በሁለት መንደር ከበሮ ይመታ ነበር።