ግማሽ ጠመንጃ

አንድ ገበሬ ነበረ። ግማሽ ጠመንጃ ነበረው።

አትሳቅ፣ ምናሉ። መሣሪያ በየሰዉ እጅ ይሁን ወይስ ተሰብስቦ መንግሥት ዘንድ ይቀመጥ ብለህ የጠየቅኸኝ አንተ ነህ። ሕግ ስለምትማር መልሱን በአንድ ቃል ፈልገኸው ይሆናል። እኔ ያለኝ ይህ ገበሬ ነው።

አገሩ ከብት ዘራፊ የሚመላለስበት ቆላ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ጣቢያው የለም ማለት ነው። ገበሬው ጠመንጃ ሊገዛ ፈለገ፣ አቅሙ አልፈቀደም። ጎረቤቱ የሆነች አንዲት መበለትም ፈለገች፣ እሷም አልቻለችም። እሱ ጊደሩን፣ እሷ ፍየሎቿን ሸጡና አንድ ላይ ገዙ። ከዚያ ማን ቤት ይቀመጥ በሚለው ተጣሉ። ሲጨቃጨቁ ሰንብተው ጠመንጃው እሱ ዘንድ፣ ጥይቱ እሷ ዘንድ እንዲሆን ተስማሙ። ጥይቱን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች።

ብልሃት እንዳይመስልህ። ስላልተማመኑ ነው።

አንድ የበጋ ጠዋት ገበሬው ወደ ማሳው ቢወርድ የመስኖው ቦይ ደርቋል። የውሃው ተራ የእሱ ነበር። ከላይ በኩል ያለው ጎረቤቱ ወደ ራሱ እርሻ መልሶታል። ሄዶ ቢጠይቀው ሰውየው አካፋውን ተደግፎ፣ ሰው እየሰማ፣ «ለሽንኩርትህ ጸሎት ያዝለት» አለው።

ገበሬው ጠመንጃውን አንግቶ መበለቲቱ ደጅ ደረሰ።

«እትዬ፣ ጥይት ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ለጅብ።»

«በዚህ ፀሐይ? ቁርሱን በልቶ የሚመጣ ምን ዓይነት ጅብ ነው?»

«እትዬ፣ ግማሹ የኔ ነው።»

«ያንተ ነው፤ መች ካድሁህ።» ገብታ ሳጥኑን ከፈተች። አንድ ጥይት አምጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። «ለማን ነው? ስሙን ብቻ ንገረኝ። ለቅሶ ስደርስ ሚስቱን ምን ብዬ እንደማጽናናት ከአሁኑ ላስብበት።»

ገበሬው አፉን ከፈተ። መንገዱን ሙሉ በልቡ ሲጠራው የመጣው ስም ነው። አሁን ግን ሊለው አቃተው። ደጃፏ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጥይቱን እጁ ውስጥ እስኪሞቅ ጨብጦ ቆየና መለሰላት።

ጎረቤቱ ውሃውን በእርግጥ ሰርቆ ነበር። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ውሃውን እስኪያስመልሱለት ድረስ የሽንኩርቱ እኩሌታ ደረቀ።

«እንግዲያው ይሰበሰብ» ልትለኝ ነው። ቆይ።

በዚያው በጋ ዘራፊዎች በጠራራ ፀሐይ መጡ። ገበሬው ጠመንጃውን አንስቶ ወደ መበለቲቱ ቤት ሮጠ። ገበያ ሄዳለች። ቁልፉም አንገቷ ላይ ሆኖ አብሯት ሄዷል። ባዶ ጠመንጃ ታቅፎ ጥማድ በሬዎቹ ኮረብታውን ሲሻገሩ አየ። አንደኛው ወደ ኋላ እየዞረ ያይ ነበር።

ከገበያ ስትመለስ ደጇ ላይ ጠበቃት። «ውሉ ይፍረስ» አላት። «ወይ ሁሉንም ልያዝ፣ ወይ ሁሉንም ያዢው።»

መበለቲቱ የያዘችውን ዘንቢል አስቀመጠች። ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ ፊቱ ዘረጋችለት። «እንካ። በሬዎችህን ያስነዳሁብህ እኔ ነኝ። በምን አፌ እከራከርሃለሁ?»

ገበሬው ግን እጁን አልዘረጋም። ያን ቀን የተቀመጠባት የደጃፏ ድንጋይ አጠገቡ ነበረች፤ ድንጋይዋን ያያል። «ስትወጪ ቁልፉን ለማን ትተሽው ትሄጃለሽ?» አላት።

ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነበር። በቅርብ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ውሃውን የሰረቀው ሰውዬ ቤት።

«ጩኸታችንን የሚሰማ ከእሱ ሌላ የለም» አለች፣ ቀስ ብላ።

«እና እሱ ‹ለማን ነው?› ብሎ ሲጠይቀኝ ልነግረው ነው?»

«የራሱን ስም ካልጠራህበት ምን ቸገረህ?»

ገበሬው በሬዎቹ ከተነዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ስትወጣ ቁልፉ እዚያ ቤት ይቀመጥ ነበር፣ ገበሬው ራሱ ሊገድለው ተነሥቶ የነበረው ሰው ዘንድ።

እንግዲህ ምናሉ፣ ገበሬው አንተም እኔም ነን። መበለቲቱ ደግሞ ሕጉ ናት በል። «ለማን ነው?» ብላ መጠየቋ የሰው ነፍስ አትርፏል። ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ ገበያ መሄዷ ግን አንድ ቤት አራቁቷል። እናንተ ጠመንጃው በማን እጅ ይሁን እያላችሁ ትከራከራላችሁ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ጥይት ፈልጎ የሄደ ሰው የሚተኩስበትን ሰው ስም እንዲናገር የሚጠይቀው አለ ወይ? ሲጮህስ ደርሶ በሩን የሚከፍትለት?

በሬዎቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ሕጉን የምትጽፍ ቀን እነሱንም አትርሳቸው።