ዋሱን የሸሸው የጨው ነጋዴ

አንድ የጨው ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ፈንታሁን ይባላል። በሚኖርበት ከተማ ነጋዴዎች እሑድ እሑድ እየተሰበሰቡ እቁብ ይጥላሉ። እጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይነካም፤ ደንቡ ነው። ዋስ መሆንም ቀላል ነገር አይደለም። ባለ እጣው የቀረውን መክፈል ቢያቅተው ዋሱ ንብረቱን ሸጦም ቢሆን ይከፍላል።

የፈንታሁን እጣ ገና በጠዋቱ ወጣ። ዋስ የሆነው አብሮ አደጉ አጥናፉ ነው። አጥናፉ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከአንዲት የስፌት መኪና በቀር ሌላ ሀብት የለውም። «ፈንታሁንን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?» ብሎ በሰው ፊት ቆመለት።

ፈንታሁን የእቁቡን ገንዘብ በሙሉ ጨው ገዛበት። ጨው የማይበላሽ ንብረት ነው ይላሉ፤ እንዲህ የሚሉት ጎርፍ የገባበትን መጋዘን ያላዩ ናቸው። በክረምቱ የወረደው ጎርፍ መጋዘኑን ሞላው፤ ጨውም ቀልጦ ሄደ። ለፈንታሁን የተረፈው እርጥብ ጆንያ ብቻ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ የማንም ጥፋት አልነበረም። ንግድ ነው፣ ይከሰራል። የእቁብ ጓደኞቹም ሰምተው አዘኑለት፤ መጥቶ ቢነግራቸው ጊዜ ሊሰጡት ተመካክረው ነበር። እሱን ግን ይሉኝታ ያዘው። «ባዶ እጄን በምን ፊቴ እቀርባለሁ? ገንዘቡ ሲሞላልኝ እመለሳለሁ» አለና ለማንም ሳይናገር አገር ለቆ ሄደ። ያ ክፉ ይሉኝታ ነው ሰውን የበደለው።

እሑድ ሲደርስ የተጠየቀው አጥናፉ ነው። የስፌት መኪናውን ሸጦ የወዳጁን እዳ ከፈለ። ደግ ሠርቶ አመድ አፋሽ ሆነ።

ዓመታት አልፈው ፈንታሁን ተመለሰ። ዱቤ ሲጠይቅ የሚያውቁት ሁሉ ፊት ነሱት። በመጨረሻ የእቁቡ ዳኛ ወደ ሆኑት ሽማግሌ፣ ወደ ጋሽ ይርዳው ሄዶ እቁብ እንዲያስገቡት ለመናቸው።

«ማን ዋስ ይሆንሃል?» አሉት።

ፈንታሁን አንገቱን ደፋ። «ዋስ የለኝም፣ ጋሼ። የመጨረሻውን እጣ ይስጡኝ። ሁሉም ሰው ከወሰደ በኋላ የሚቀረውን» አለ።

ጋሽ ይርዳው ነገሩን መዘኑት። የመጨረሻውን እጣ የሚወስድ ሰው እስከዚያው ሲከፍል ይኖራል፤ እሱ ሌሎቹን ያምናል እንጂ ሌሎቹ እሱን ማመን አያስፈልጋቸውም።

«እንግዲያው ግባ» አሉት።

ፈንታሁን ገበያ ውስጥ በተሸካሚነት ተቀጠረ። ድሮ ሲያሸክም የነበረውን ጨው አሁን በገዛ ጀርባው ተሸከመ። አንድም እሑድ አላጓደለም፤ ሲታመም እንኳ ገንዘቡን በሰው ይልክ ነበር። ተራው ደርሶ ገንዘቡን ሲቀበል በቀጥታ አጥናፉ ቤት ሄደ።

አጥናፉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጨርቅ ይጥፍ ነበር። መኪናው ከተሸጠች ወዲህ በእጁ ሲሰፋ ኖሮ ዓይኑ ደክሟል፤ የመጣውን ሰው የለየው በድምፁ ነው።

«አጥናፉ ወንድሜ፣ ገንዘብህን አምጥቻለሁ። መኪና ግዛበት» አለ ፈንታሁን።

«እግዜር ይስጥልኝ። እዚያ አስቀምጠው» አለ አጥናፉ። ከዚያም መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ፣ «መኪናዪቱስ እቃ ናት፤ ትሸጣለች፣ ትገዛለች። ሊወስዷት የመጡ ጊዜ ግን፣ አሁን ይመጣል እያልኩ በር በሩን አይ ነበር። ባዶ እጅህን መጥተህ አጠገቤ ብትቆም ይበቃኝ ነበር» አለው።

ፈንታሁን አለቀሰ። አጥናፉ አልሰደበውም፤ ተቀመጥም አላለውም።

በሚቀጥለው ዙር የፈንታሁን እጣ ቀድሞ ወጣ። ዋስ ሲጠራ ነጋዴዎቹ «እኔ አለሁ፣ እኔ አለሁ» ተባባሉ። ስሙ ተመልሶለት ነበር። እሱ ግን ደስታው አልመጣለትም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አጥናፉ አልነበረም፤ መኪናውን ከሸጠ ወዲህ ለማንም ዋስ ሆኖ አያውቅም።

ወዳጆቼ፣ መክሰር ነውር አይደለም። የወደቀ ስምም በትዕግሥትና በላብ፣ ቀስ በቀስ ይነሳል። ገንዘብም ዘግይቶ ቢሆን ይመለሳል። ያመነንን ሰው በጭንቁ ቀን ብቻውን ከተውነው ግን ያችን ቀን የሚመልስልን እቁብ የለም። እናንተስ? በስማችሁ የቆመላችሁ ሰው ካለ፣ እጃችሁ ባዶ የሆነ ዕለት ደጁን ታንኳኳላችሁ ወይስ ገንዘቡ እስኪሞላ ትሸሹታላችሁ?